በሜሪላንድ ቤት ውስጥ ካናቢስን ከዘር ስለማብቀል፦ መብራቱ፣ ውሃውና ወረቀቱ

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን ካናቢስ በቤቱ ማብቀል እንደተፈቀደለት፣ በአንድ ቤት ውስጥ የቱንም ያህል ሰው ቢኖር ግን ከሁለት ተክል ማለፍ እንደማይቻል አንብቤአለሁ። የምኖረው በተከራየሁት ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ መስኮቷ ትንሽ ስለሆነች የፀሐይ ብርሃን እምብዛም አይገባም። ሀገር ቤት ሳለሁ ከጎመንና ከቃሪያ ያለፈ ነገር ባላለማም አፈርና ችግኝ እንግዳ አይሆኑብኝም። ከሱቅ የሚገዛው ምን እንደተረጨበት ስለማላውቅና ዋጋውም ስለማይቀመስ፣ ሁለት ዘር ከመነሻው አብቅዬ ለማየት አስቤአለሁ።

ልጠይቅ የምፈልገው ዘሩ እንዴት እንደሚጎነቁል፣ ምን ዓይነት መብራት እንደሚያስፈልገውና የቧንቧ ውሃ እንዳለ ይስማማው እንደሆነ ነው። በቅናሽ ካገኘኋት አነስተኛ የእጽዋት ድንኳንና ከመብራቷ በቀር እስካሁን የገዛሁት ነገር የለም። በመጪው ዓመት የዜግነት ማመልከቻዬን ስለማስገባ ፋታ የማገኘው በዚህ በብርዱ ወራት ብቻ ነው።

አትክልተኛ ዘዲሲ

ወንድማችን ጀማሪው፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ የምኖረው በዲሲ ነው፤ በ2014 ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት ኢኒሺየቲቭ 71 በ2015 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ እዚህ አንድ አዋቂ እስከ ስድስት ተክል መያዝ ይችላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለአበባ የደረሱት ግን ከሦስት መብለጥ የለባቸውም።

ስለ ዘሩ ብዙ አልልም፤ የሚከብደው ክፍል እርሱ አይደለምና። ዘሩን በረጠበ (ውሃ ባልተንጠባጠበበት) ሶፍት መካከል አድርገው ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ጨለማ ቦታ ቢያስቀምጡት፣ ጤነኛ ዘር ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ ሥሩን ያወጣል። ሥሩ ወደ ታች እንዲያመለክት አድርገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከአፈር በታች ይቅበሩትና አፈሩን አይጫኑት። መጀመሪያ ሁለት ለስላሳ ክብ ቅጠሎች፣ ቀጥሎ ጥርስ ያላቸው ባለ አንድ ጣት ቅጠሎች፣ ከዚያም ባለ ሦስትና ባለ አምስት ጣት ቅጠሎች ይወጣሉ። ችግኝን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው። የአፈሩ ገጽ ሳይደርቅ የሚያጠጣ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱን በትናንሽ ጥቁር ትንኞች ይሞላል፤ የትንኞቹ ትሎችም ሥሩን ይበሉታል።

ጊዜ ሰጥቶ ማሰብ የሚገባው ስለ መብራቱ ነው። አብዛኛው የካናቢስ ዝርያ የሚያብበው ዕድሜውን ቆጥሮ ሳይሆን የሌሊቱን ርዝመት ለክቶ ነው። በቀን 18 ሰዓት ብርሃንና 6 ሰዓት ጨለማ ከሰጡት ቅጠልና ግንድ ማብዛቱን ይቀጥላል፤ 12 ሰዓት ብርሃንና 12 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ ሲሰጡት ደግሞ ወቅቱ እየመሸ እንደሆነ ተረድቶ ወደ አበባ ይዞራል። እኛ ያደግንበት ሀገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ባለው መካከል ብቻ ይዋዥቃል፤ ስለዚህም የቀን ርዝመት ለአዝመራ ይህን ያህል ወሳኝ ነው ብለን የማሰብ ልማድ የለንም። በዋሽንግተን አካባቢ ግን ታኅሣሥ ላይ ከ9 ሰዓት ተኩል ያልበለጠው ቀን ሰኔ ላይ 15 ሰዓት ሊሞላ ይደርሳል፤ ከቤት ውጭ የተተከለ ተክል አበባ መጣል የሚጀምረው ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። ቤት ውስጥ ግን ወቅቱን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ስለሆነም ታይመር ይግዙ፤ በእጅ አበራለሁ አጠፋለሁ የሚል ሰው አንድ ቀን ይረሳል፣ በጨለማው ሰዓት በድንኳኑ ዚፕ በኩል የሚገባ ብርሃንም ሴቴዋን አስጨንቆ የወንዴ አበባ ጭምር እንድታወጣ ሊያደርጋት ይችላል። ከሰሜናዊ ቀዝቃዛ አገሮች ዝርያ ጋር የተዳቀሉ፣ የቀኑን ርዝመት ሳይጠብቁ በራሳቸው የሚያብቡ ዘሮችም አሉ፤ እነርሱ ከዘር እስከ አጨዳ ከ70 እስከ 90 ቀን ይበቃቸዋል። ለጀማሪ እነርሱ ይቀላሉ ቢባልም እኔ አልስማማም፤ በአጭር ዕድሜያቸው አንድ ሳምንት ከተጎዱ የሚያገግሙበት ጊዜ አይኖራቸውም።

ስድሳ በስድሳ ሴንቲ ሜትር ለሆነች ድንኳን ከሶኬት 100 ዋት የሚስብ ነጭ የኤልኢዲ መብራት በቂ ነው። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ‹1000 ዋት› አይመኑ፤ ‹የሚተካው የድሮ አምፖል› እያሉ የሚጽፉት የማሻሻጫ ቁጥር ነው።

ውሃ ልክ

በአትክልተኛው ማብራሪያ ላይ ስለ ውሃውና ስለ ኤሌክትሪኩ የምጨምረው አለኝ። ብዙ ሰው የቧንቧ ውሃን በባልዲ ቀድቶ ሲያሳድረው ክሎሪኑ ተንኖ ይጠፋል ይላል። ለክሎሪን ይህ እውነት ነው። ይሁንና ለዲሲና ለሰሜን ቨርጂኒያ ከፊል የሚደርሰው የዋሽንግተን አኩዌደክት ውሃ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ በሚሠራ ማጽጃ) ነው፤ ይህ ደግሞ ባልዲ ውስጥ በማሳደር በቀላሉ አይወጣም። በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ለጥቂት ሳምንታት ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ፤ ውሃው በዚያን ሰሞን በረኪና በረኪና የሚሸተውም ለዚሁ ነው። ለማንኛውም ለመጠጥ የተፈቀደው መጠን በአፈር ላይ ያለን ተክል ስለማይገድል ሊያሳስብዎት አይገባም። ከዚያ ይልቅ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ከወጣ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ሥሩ ሊወስደው አይችልም፣ ባለቤቱም ቅጠሉ ሲገረጣ አይቶ ሌላ ማዳበሪያ ይደፋበታል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ 100 ዋት በቀን ለ18 ሰዓት ሲበራ በወር 54 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ18 ሳንቲም ቢታሰብ ወጪው ከ10 ዶላር አያልፍም። የእኔ ስጋት ሂሳቡ ሳይሆን እሳቱ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ያሉ ሶኬቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ባለ 15 አምፒር መስመር ላይ ናቸው፤ እንዲህ ያለ መስመር ለረጅም ሰዓት ሊሸከም የሚገባው ከ1440 ዋት አይበልጥም። መብራቱ፣ ማራገቢያው፣ እርጥበት መሳቢያ ማሽኑና ለብርዱ የሚሰካው ማሞቂያ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተደራረቡ ያንን ቁጥር ያልፉታል። አንዱን ማከፋፈያ በሌላው ላይ መሰካትም ፈጽሞ አይገባም። ገመዶቹን ከወለሉ ከፍ አድርገው፣ ወደ ታች ዞረው እንደገና ወደ ሶኬቱ እንዲወጡ አድርገው ይስቀሉ፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ያግዛል።

ፎርም ሞይ

ይቅርታ አድርጉልኝና ውይይቱን ወደ ኋላ ልመልሰው። ወንድሜ ጀማሪው፣ በጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጣሏትን ዓረፍተ ነገር ሌሎቹ አለፏት፤ እኔ ግን ኑሮዬ የስደት ፎርም መሙላት ስለሆነ ላልፋት አልቻልኩም። ግሪን ካርድ ይዘው ዜግነት ለማመልከት እየተዘጋጁ ከሆነ ይህን ዘር ባይተክሉት እመክራለሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ ፈቀደች ማለት የፌዴራሉ መንግሥት ፈቀደ ማለት አይደለም። ካናቢስ በ1970 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ የስደትና የዜግነት ጉዳይ የሚዳኘው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ብቻ ነው። ደረጃው ዝቅ ቢደረግ እንኳ ከዝርዝሩ እስካልወጣ ድረስ ለእኛ ጉዳይ የሚለወጥ ነገር የለም። የዜግነት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ድርጊቱ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም አመልካቹ የፌዴራሉን ሕግ ከጣሰ መልካም ሥነ ምግባሩን ማስረዳት ሊሳነው እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ከዚህ የተተወ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ እርሱም ለአንድ ጊዜ ብቻ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ለራስ ይዞ መገኘት ነው። ማብቀል በዚህ ቀዳዳ አያልፍም።

የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 በሕግ የተከለከለ ንጥረ ነገር አምርተው፣ አብቅለው ወይም ሸጠው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ‹አዎ› ብለው ቢመልሱ ያለ ምንም ክስና ያለ ምንም ፍርድ ጥፋትን ማመን ይሆናል፤ በስደት ሕግ ደግሞ ያልተከሰሱበትን ድርጊት አምኖ መቀበል ብቻውን ሊያስጠይቅ ይችላል። ‹አይደለም› ብለው ቢመልሱ በመሐላ ላይ የተሰጠ ሐሰት ይሆናል፤ ያም ራሱን የቻለ መከልከያ ነው። ለጥያቄው መልካም መልስ የሚኖረው ያልተከለ ሰው ብቻ ነው። ከሀገር ወጥተው በደለስ ኤርፖርት ሲመለሱ ስልክዎ ሊፈተሽ እንደሚችልም ያስቡ፤ የድንኳንዎን ፎቶ ለጓደኛ ልከው ከሆነ እዚያው ይገኛል። ስለዚህ አስቤአለሁ ብለው መጻፍዎ ባይከፋም፣ ‹ተከልኩ› ብለው ወደዚህ መድረክ አይመለሱ።

ነፃ ሰው

ፎርም ሞይ ሰውን ከሚገባው በላይ ያስፈራሉ ብዬ አምናለሁ። በዚህ ከተማ በየመንገዱ የሚሸተው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለት ሳክሲያ በቤዝመንቱ ስላስቀመጠ የተባረረ ሐበሻ እስካሁን አላየሁም፣ የሚያውቅ ካለም ይንገረኝ። ግዛቱ በድምፅ የፈቀደውን ነገር እየተሸማቀቅን የምንተወው ከሆነ እዚህ ሀገር መኖራችን ምን ትርጉም አለው? ፖሊስ በር አንኳኩቶ ሁለት ተክል አይቆጥርም።

ፎርም ሞይ

ፖሊስ እንደማይመጣ እስማማለሁ፤ ያልኩትም ፖሊስ ይመጣል አይደለም። ነገሩ የሚነሳው ጠያቂያችን በራሱ እግር ሄዶ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ በመኮንኑ ፊት በሚቀመጥበት ዕለት ነው። አንድም ሰው አላየሁም ያሉት ደግሞ ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው በማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ምክንያቱን ስለማይናገር ነው። እርስዎ ዜጋ ከሆኑ አደጋው የለብዎትም፤ በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ግን መድፈር ቀላል ነው። የእኔን ቃልም እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት፤ ፎርም ሞይ እንጂ ጠበቃ አይደለሁምና፣ የስደት ጠበቃ ጋር ለአንድ ሰዓት ምክር የሚከፈለው ገንዘብ ከድንኳኑ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

የመንገድ ሰው

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመካከላችን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የያዝን ብዙዎች ነን። የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሽንት ምርመራ የግዛቱን ሕግ አይመለከትም፤ የተገኘበት ሾፌር ዜጋም ቢሆን ከመሪው ይነሣል። በመንግሥት የቤት ድጎማ የሚኖሩ ወገኖችም እንዲሁ በፌዴራሉ ደንብ ሥር ናቸው።

እናት በአሌክሳንድሪያ

እኔ ዜጋ ነኝ፤ ባለቤቴም ባለፈው ብርድ በቤታችን አብቅሏል፤ ስለዚህ የምናገረው ከጎን ሆኜ ያየሁትን ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአንድ ቤት እስከ አራት ተክል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ተክል ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ወይም የመታወቂያ ቁጥር፣ እንዲሁም ለግል መጠቀሚያ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት እንዲንጠለጠል፣ ከመንገድ እንዳይታይና ከ21 ዓመት በታች ያሉ እንዳይደርሱበት ያዝዛል። እኛ ድንኳኑን ቁልፍ ባለው ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው፤ ልጆች ስላሉን ሌላ አማራጭ አልነበረንም። ውሻ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ከደረቀው አበባ ጥቂት ቢበላ እግሩ ይብረከረካል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ግድ ይሆናል።

ጀማሪው ተከራይ እንደሆነ ተናግሯል። በሜሪላንድ አከራይ በቤቱ ውስጥ እንዳይበቀል መከልከል ስለሚችል፣ የኪራይ ውሉን ሳያነብና ፈቃድ በጽሑፍ ሳያገኝ መጀመር አይገባውም። ‹አይታወቅብኝም› ማለት ደግሞ አይቻልም፤ አበባው መጠንከር ሲጀምር ሽታው በማሞቂያው ቱቦ በኩል ወደ ላይኛው ቤት ይወጣል። ከማራገቢያው ጋር የሚገጠም የከሰል ማጣሪያ አብዛኛውን ቢይዝም፣ የድንኳኑ ዚፕ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። የቡና ዕጣን ብናጨስበትም አልሸፈነውም፤ እንዲያውም እንግዶች ሁለቱንም ለይተው ጠየቁን።

የጤናውንም ነገር ማንም ስላላነሣው ላንሣው። በቤተሰቡ የከባድ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለበት ሰውና ወጣቶች ከዚህ ነገር ቢርቁ ይሻላቸዋል፤ በተለይ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በበዛባቸው ዝርያዎች ላይ አደጋው ከፍ ይላል። ይህን የምለው ለስብከት አይደለም፤ በነርስነት ሥራዬ ያየሁት ስለሆነ ነው።

ከአዲስ አበባ

በንባብ ብቻ ስከታተል ነበር። ሻሸመኔ በይፋ ይበቅላል ሲባል ስለምሰማ፣ እዚህ ሀገር በቤት ውስጥ አንድ ተክል መያዝ ይፈቀዳል ወይ?

የመድረኩ አወያይ

አይፈቀድም። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማምረትንም መጠቀምንም በወንጀልነት ይቀጣል፤ ለግል መጠቀሚያ በሚል የተተወ ቁጥር የለም። በሻሸመኔ የሚኖረው የራስተፈሪያን ማኅበረሰብም ከዚህ ሕግ ነፃ የሚያደርገው ድንጋጌ የለም። በዚህ ክር ውስጥ የተሰጡ ምክሮች ማብቀል በተፈቀደባቸው ቦታዎች ለሚኖሩ አዋቂዎች ብቻ መሆናቸው ይታወቅ። ዘር መለዋወጥም ሆነ መሸጥ በመድረኩ ላይ የተከለከለ ነው።

አትክልተኛ ዘዲሲ

የፎርም ሞይን ምክር አልቃወምም፤ እኔም አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን ጠይቀዋል። ክሩን የሚያነቡ ዜጎች ስላሉ ግን የጀመርኩትን ልፈጽም።

ካናቢስ እንደ ኮሶ ዛፍ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ ናቸው። ከተለመደው ዘር የሚበቅለው ግማሽ ያህሉ ወንዴ ስለሚሆን፣ ሁለት ተክል ብቻ በተፈቀደበት ግዛት ሴቴ እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ዘር መጠቀም ይሻላል። ያለበለዚያ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የግንዱንና የቅርንጫፉን መገናኛ አንጓ በአጉሊ መነጽር መመልከት ያስፈልጋል፤ ሴቴዋ ሁለት ነጫጭ ፀጉሮች ስታወጣ፣ ወንዴው ትናንሽ ድቡልቡል ከረጢቶች ያንጠለጥላል። ከረጢቶቹ ከተከፈቱ የአበባው ብናኝ ድንኳኑን ሁሉ ስለሚያዳርስ ሴቴዋ ጉልበቷን በዘር ላይ ታውላለች፤ ስለዚህ ወንዴው ሳይከፈት ይነቀላል።

በአበባው ዘመን የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ መሆን ይገባዋል። የዚህ አካባቢ ቤዝመንት በበጋው ሙቀት ከዚያ እጅግ ስለሚያልፍ፣ ግራጫው ሻጋታ ከወፍራሙ አበባ ውስጥ ይነሣል፤ ከውጭ ሲታይ አንዲት ደረቅ ቅጠል ብቻ ትመስላለች፣ ሲከፍቱት ግን መሐሉ በስብሶ ይገኛል። የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ይጣል። አጨዳውን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአበባው ላይ ያሉት ሙጫማ ጠብታዎች ቀለም ነው፤ ጥርት ያሉት ወደ ወተት ቀለም ተለውጠው ጥቂቶቹ ወደ ማር ቀለም ሲያደሉ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያም በጨለማ፣ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ተሰቅሎ ይደርቃል። በምድጃ የሚያፋጥን ሰው የወራት ድካሙን በአንድ ሰዓት ያበላሻል።

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኪራይ ውሌን ሳነበው በቤቱ ውስጥ እንዳይበቀል የሚከለክል አንቀጽ አለበት፤ የዜግነቱም ጉዳይ ሲታከልበት ሐሳቤን ትቼዋለሁ። ነፃ ሰው ቢታዘቡኝም ቤተሰቤን ገና አላመጣሁም፤ በዚያ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለው የእኔ ነገር ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ድንኳኗና መብራቷ ተገዝተዋል። በዚሁ መብራት ሥር ሚጥሚጣና ቃሪያ ከዘር ማብቀል ይቻላል? የመብራቱ ሰዓትስ ለአበባ መለወጥ ይኖርበታል?

አትክልተኛ ዘዲሲ

በሚገባ ይቻላል፤ የሰዓቱም ጉዳይ አያስጨንቅዎትም። የበርበሬ ወገን የሌሊቱን ርዝመት ሳይለካ በዕድሜው ስለሚያብብ ከዘር እስከ ፍሬ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይሰጡታል፤ ሌሊት ግን ያጥፉለት። የሚፈልገው ሙቀት ከካናቢስ ይልቃል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካላገኘ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከሳክሲያው በታች የሚነጠፍ የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ይግዙ። ቃሪያው በሁለት ሳምንት ገደማ ብቅ ሲል ሚጥሚጣው ሦስት ሳምንት ሊያቆይዎት ይችላል። ንብ ስለሌለ አበባው ሲፈነዳ ማራገቢያውን ወደ እርሱ ያዙሩለት ወይም ግንዱን በየጠዋቱ በቀስታ ያነቃንቁት፤ ወንዴውም ሴቴውም በአንድ አበባ ላይ ስላሉ ያ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ተክል 11 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሳክሲያ ያዘጋጁ። ዘሩን በተመለከተ፣ ለወጥ ተቆልቶ ከመጣው ሚጥሚጣ አይሞክሩ፤ በፀሐይ ብቻ ከደረቀው ዛላ ይፈልፍሉ።